የአዋላጇ ማይክሮፎንና የሹፌሩ ወንበር

«ፍሬኑንስ ስቤ ነበር! ስቤ ነበር እኮ!»

«እሺ፣ ስበሃል። ቀስ በል፣ ልጁ ተኝቷል።»

«ሰዉስ? ሰዉ ምን አለ?»

«ምን ይላል። ‹ምስኪን፣ አለቀለት› አለ።»

ልጁ አልተኛም ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ግራ ጆሮው አብጦ ጥጥ ተወትፎበታል፣ ደህናው ጆሮው ደግሞ ከትራሱ በኩል ነው። አንገቱን ቀና ሲያደርግ ከመጋረጃው ወዲያ የእህቱና የባሏ ወሬ ይሰማዋል፤ ሲደክመው መልሶ ይደፋዋል፣ ያን ጊዜ ወሬውን ትራሱ ይበላዋል። እንዲህ ቀና ደፋ እያለ የለቀመው ጥቂት ነው። «ደሙን ሳይ…» የሚል አለበት። «ለማንም አልናገርም፤ እስክሞት» ያለችው እህቱ ናት። ለመጨረሻ ጊዜ ቀና ሲል በመጋረጃው ክፍተት ጀርባዋን አየ፤ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ደም፣ ፍሬን፣ አለቀለት። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሦስቱን መገጣጠም ቀላል ነበር፤ የእህቱ ባል የሕዝብ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሰው ገጭተው ገድለዋል። እህቱም አልቅሳ ምስጢሩን ዋጠችላቸው።

ልጁም በበኩሉ ዋጠው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ማታ ማታ ብቻ፣ ለእናቱ ነፍስ ከጸለየ በኋላ፣ «ስሙን የማላውቀውን ያንን ሰውዬም አስበው» የምትል አንዲት መስመር ጨመረ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላስታጎለም።

አሁን ያ ልጅ አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል። ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ይጠግናል። ማንም አላስተማረውም፤ የተበላሸ እየፈታ፣ የፈታውን እየሰማ ነው የተማረው። ሬዲዮ ሲያመጡለት መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጆሮውን ይለጥፍበታል። ሰፈሩ «ጆሮ» የሚል ስም ያወጣለት ለዚህ ነው። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እታለም ብቻ፣ ደንበኛ ፊት ሳይቀር፣ «ማሙሽ» ትለዋለች።

እታለም አዋላጅ ነበረች። ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ፣ እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ያ ስንቱን ጭንቅላት ደግፎ የተቀበለ እጅ ዛሬ የሻይ ስኒ እንኳ ግማሹን ሳህኑ ላይ ያፈሳል። እንዲህ ባለበት ወቅት ከአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣላት። ለተማሪዎች መጽሐፍ እያዘጋጁ ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት በዝናብ መንገድ ተዘግቶ፣ ቆሞ በቀረ አውቶቡስ ውስጥ ስላዋለደችው ልጅ በገዛ ቃሏ እንድትጽፍላቸው ይለምናል፤ «የሹፌሩንም ሥራ በዝርዝር» ይላል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ እንዲህ ነበር፦ «እስከ ዓርብ መጻፍ ካልቻሉ ግን አይቸገሩ፤ ባለቤትዎ ታሪኩን በሚገባ ስለነገሩን እኛው እናሰናዳዋለን።»

ጆሮ ይህንን ሲያነብላት ፊቷ ተለዋወጠ።

ባለቤቷን ጆሮ «ጋሼ» ይላቸዋል። ጡረተኛ ሹፌር ናቸው፤ ዘመናቸውን ሁሉ ነድተው አንድ ዶሮ እንኳ አልገጩም ይባላል። ይህ በተባለ ቁጥር ጆሮ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። የአውቶቡሱን ታሪክ ፀጉር አስተካካዩ ቤት የማያውቀው የለም። ልጁ በእግሩ መጣ፤ እናትየው ጮኸች፤ አዋላጇ ተጨነቀች፤ በዚህ ጊዜ ሹፌሩ ብድግ ብሎ ሁለቱን እግሮች ጨብጦ ሳብ! ልጁም ዱብ! እያንዳንዱ ፀጉር የሚስተካከል ሰው አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮበት ይህንን ሰምቷል።

«ስቦ አወጣው ተብሎ ሊጻፍ ነው?» አለች እታለም፣ ጋሼ ወጣ ሲሉላት። «በእግሩ የሚመጣ ልጅ አይሳብም፣ ማሙሽ። ከሳቡት እጁ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ጭንቅላቱ ይያዛል። ያን ቀን ልጁን ያዳነው የኔ እጄን መሰብሰብ ነው። ፀጉር ቤት ሲወራ ዝም አልኩ፤ ፀጉር አስተካካይ አያዋልድም። መጽሐፍ ላይ ከሰፈረ ግን አንዷ ጀማሪ አንብባ ትስባለች።»

«ታዲያ አንቺው ጻፊዋ።»

እጇን አንስታ አሳየችው። ጣቶቿ ነፋስ እንዳገኘው ቅጠል ናቸው።

«እጅሽ ያርፋል» አላት። «አፍሽ ይሠራል።»

እሑድ ዕለት ከሱቁ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራምና አንድ ማይክሮፎን ይዞ መጣ። ማይክሮፎኑ ሁለት ስንዝር የማይሞላ ጥቁር ዘንግ ነው፤ ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ጫፉ ላይ አንዲት ቁልፍና አንዲት ትንሽ መብራት ያለው።

«ይሄ ነው ማይክሮፎን?» አለች እታለም። «ጭንቅላቱስ የታለ? መያዣውስ?»

«መያዣ የለውም፤ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ውስጡ አራት ትናንሽ ማይክሮፎኖች በተርታ ተደርድረዋል። አራቱም እኩል ያዳምጡና፣ ድምፁ ለየትኛው ቀድሞ እንደደረሰ ያስተያያሉ። በዚያ ነው ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው የሚለዩት። ከጎን የሚመጣውን ወሬ ይጥሉታል።»

ጋሼ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ወንበራቸው ቀና አሉ። «ከጎን የሚመጣውን ይጥለዋል?»

«ይጥለዋል፣ ጋሼ።»

«ሰው እየተናገረ?»

«ሰው እየተናገረ።»

«ኧረ እንዴት ያለ ያልተቀጣ ዕቃ ነው!»

«እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ እያለ» አለች እታለም፣ «እኔ የስንቱን ሕፃን የልብ ትርታ በባዶ ጆሮዬ ሳዳምጥ ኖርኩ?»

ጆሮ ክፍሉ መሐል ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበና ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ጭብጨባው ከባዶው ግድግዳ ነጥሮ ተመለሰበት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የነበረውን ወፍራም ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ደግሞ አጨበጨበ፤ አሁን ጭብጨባው ሄዶ ቀረ። ጠረጴዛውን የመንገዱ ጫጫታ ከሚገባበት መስኮት አርቆ ወደ ማዶ ወሰደው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ማራገቢያ እንደ አስም በሽተኛ ስለሚያቃስት ሣጥኑን ከጠረጴዛው ሥር፣ ትንሽ ምንጣፍ አንጥፎ አስቀመጠው። ማይክሮፎኑን ስክሪኑ ሥር፣ ልክ መሐል ላይ አድርጎ፣ ከፊት በኩል በታጠፈ ካርቶን ደግፎ ወደ እህቱ አፍ ቀና አደረገው።

«እጅሽን ዘርጊ።»

ዘረጋች። የሚንቀጠቀጡት ጣቶቿ የማይክሮፎኑን ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«ይህችው ናት ልክሽ። ከዚህ አትራቂ፣ ከዚህ አትቅረቢ።»

«ስትወለድም አንተን በዚህ ርቀት ነበር የያዝኩህ» አለችው።

የጋሼ ወንበር በስተቀኝ፣ ከጎን ዋለች። ጆሮ ሄዶ ተቀመጠባትና ከአንድ እስከ አሥር ቆጠረ። ስክሪኑ ላይ አንድም ፊደል አልመጣም። እህቱ ከቦታዋ «እሰይ» ስትል «እሰይ» ተብሎ ተጻፈ። ጋሼ ይህንን ሁሉ በጥንቃቄ ተመለከቱ፤ መሪ በጨበጡበት ዘመን መንታ መንገድ ላይ ሲደርሱ የሚያዩትን ዓይነት አስተያየት ነው ያዩት።

አንድ ነገር ግን መማር ነበረባት። ፕሮግራሙ ዐረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ አያውቅም፤ ተናጋሪው «አራት ነጥብ» ማለት አለበት። እታለም ይህችን ነገር ወደደቻት። ምጥ ላይ ያለችን ሴት «ግፊ!» እንደምትል አድርጋ ነበር የምትለው፦ «ዝናብ ነበር፣ አራት ነጥብ! መንገዱ ተዘግቷል፣ አራት ነጥብ!» እስከ ማታ ድረስ ወጥ ቤት ገብታም «ጨው አልቋል፣ አራት ነጥብ» ስትል ተሰማች።

በማግስቱ ሰኞ ጆሮ ምሳ ሰዓት ላይ ሲመጣ ማይክሮፎኑ ነጭ ዳንቴል ለብሷል።

«እታለም! ምንድን ነው ይሄ?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነው። አራት ጆሮ አለው አላልክም? ጆሮ ውስጥ አቧራ ይገባል እንዴ?»

እዚህ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። ሬዲዮኑ ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ስልኩ ሳይቀር ኮፍያ አለው። ሁሉም እጇ ደህና በነበረበት ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ይህኛው ከድሮው የሬዲዮ ልብስ ተቆርጦ የተጠበበ ነው። ጆሮ እህቱን ያውቃታል፣ ክርክር አላነሳም። ዳንቴሉ ላይ በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ተናግሮ፣ አዳምጦ ሞከረው፤ ዳንቴል ቀዳዳ ነው፣ ድምፅ እንደ ልብ ያልፍበታል። «ይሁን» አለ። ስለ ድምፅ ብቻ ነበርና የሚያስበው፣ የዳንቴሉ ወፍራም አበባ ማይክሮፎኑ ሲሰማ አረንጓዴ፣ ሲዘጋ ቀይ የምትሆነዋ መብራት ላይ ልክ መቀመጡን ልብ አላለም።

በየቀኑ ጠዋት ጠዋት እታለም ትናገራለች፤ ስታስታውስ ዓይኗን መጨፈን፣ መሐል ላይም ቁልፏን ሳትዘጋ ወጥ ቤት ገባ ማለት ልማዷ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጆሮ ይመጣና የተጻፈውን አትሞ፣ መነጽሯ ስለማይበቃት፣ ጮክ ብሎ ያነብላታል። የሰኞው ጥሩ ነበር። ማክሰኞ ግን እንዲህ የሚል አነበበ፦

«እናትየው ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ሕመሟ በረታ። በዚህ ጊዜ ሹፌሩ እንደ ነብር ከመሪው ተወርውሮ እጅጌውን ሰብስቦ አይዟችሁ እኔ አለሁ ብሎ እግሮቹን ጨብጦ ሳብ ሲያደርገው ልጁ ዱብ አለ ሕዝቡም አጨበጨበ ሹፌሩም ምንም አይደል ሥራዬ ነው አለ ሕዝቡም እንደገና አጨበጨበ»

እታለም ዓይኗን አፈጠጠች። «እኔ ነኝ ይሄን ያልኩት?»

«ማሽኑ ይሆናል» አሉ ጋሼ ጥፍራቸውን እያዩ። «አጣርቶ የሚጽፍ ዓይነት ይመስለኛል።»

ጆሮ ወረቀቱን ተመለከተው። «አራት ነጥብ» ያለበት የእህቱ ነው፤ ፍሬኑ እንደተበጠሰ መኪና ቁልቁል የሚወርደው የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ያልገባው እንዴት እንደገባ ነው። ገመዱን አየ፣ ፕሮግራሙን አየ፣ ሁሉም ደህና ነው። እርሳስ አወጣና በማይክሮፎኑ ዙሪያ ጠረጴዛው ላይ ቀጭን መስመር አሰመረ።

ረቡዕ ነብሩ ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ ሕዝቡ ሦስት ጊዜ አጨብጭቧል። ጆሮ ዳንቴሉን ገለጠ፤ ማይክሮፎኑ ከእርሳሱ መስመር ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ ወንበር አዙሯል። ወደ ቦታው መልሶ በሁለቱም ፊቱ በሚያጣብቅ ፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር አጣበቀውና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ማይክሮፎኑ ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው ሌላ ነው። ያንኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ሲመለስ ምንጣፉ ላይ የድሮዋ ወንበር አራት የእግር ጉድጓዶች ብቻቸውን ቀርተዋል። ወንበሯ ከነባለቤቷ እታለም ጉያ ሥር ገብታለች።

«ጋሼ፣ ወንበሩ…»

«መስኮቱ ብርድ ያስገባል።»

«እኔማ» አለች እታለም፣ «በዚህ ዕድሜው ፍቅር ተነሣበት ብዬ ደንግጬ ነበር።»

ጆሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። የእህቱ ባል ይህንን ያህል የሚደክሙት ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ ብሎ ያምናል። ከዚያ ጉዞ ጋር የተያያዘ የሞተ ሰው አለ፤ እህቱ ስለዚያ ቀን መናገር ከጀመረች አንዱ ክር ሌላውን ስቦ ያወጣዋል። ዝም ቢል ደግሞ ዓርብ ደረሰ፤ ትምህርት ቤቱ የፀጉር ቤቱን ታሪክ ያትማል፤ ገና ያልተወለደ፣ በእግሩ የሚመጣ አንድ ልጅ በማያውቀው ሰው ውሸት ይሳባል። ባንዱ ወገን ስሙን የማያውቀው ሟች፣ በሌላው ወገን ገና ስም ያልወጣለት ሕፃን። ያን ቀን ጸሎቱ ረዘመ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ መጣና አጠገባቸው ተቀመጠ። ወንበሯን ራሱ ወደ ጉድጓዶቿ መለሳት። ዳንቴሉን ገልጦ ቁልፏን ተጫነ፤ አረንጓዴ በራ። እታለም ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጁ በእግሩ መጣ፣ አራት ነጥብ። እጄን ሰብስቤ ቆምኩ፣ አራት ነጥብ። ሁሉም ‹ሳቢው!› እያለ ይጮህብኝ ነበር፣ አራት ነጥብ። አልነካሁም፣ አራት ነጥብ። ከኋላ ወንበር አንድ ልብስ ሰፊ ለእትብቱ አዲስ ክርና መቀሱን ሰጠኝ፣ መቀሱን ከአንዷ ሴትዮ ፔርሙዝ በፈላ ውኃ አጠብኩት፣ አራት ነጥብ። ሹፌሩ…»

ቆመች። ዓይኗን ገለጠች። ጋሼ ጣሪያውን ያያሉ።

«ሹፌሩስ?» አለ ጆሮ በቀስታ።

«ሹፌሩ… እዚያው ነበር። አራት ነጥብ።»

ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣት አለ። በዚህ መሐል የጆሮ ስልክ ጮኸ፤ የስብሰባ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ሰዎቹ በራፉ ላይ ቆመዋል። «ምሳ ሰዓት እመለሳለሁ» ብሎ ሮጠ። እታለም እንደ ልማዷ ዳንቴሉን ጎትታ ማይክሮፎኑን አለበሰችው። ጋሼም ወንበራቸውን ጎትተው እንደገና ጉያዋ ሥር ገቡ። ቁልፏን የዘጋት የለም። መብራቷም ከአበባው ሥር ሆና አረንጓዴ እንደበራች ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ጆሮ ወረቀቱን አተመ። ያን ቀን ሁለት ገጽ ተኩል ወጣ። ደስ አለው፤ አፍታትታዋለች ማለት ነው። እታለም እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፣ ጋሼ ሻያቸውን ያዙ። በዚያ የማይቸኩል ድምፁ፣ የጎደለውን አራት ነጥብ ራሱ እያሟላ፣ ማንበብ ጀመረ፦

«ሹፌሩ እዚያው ነበር። ሄደ ማሙሽ። አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርጊ ነው የምትለኝ። ሹፌሩ ረዳኝ በይ በቃ ምን ይጎድልብሻል። አልልም። ቃል ገብተሽልኛል እኮ እስክሞት ብለሻል። ለማንም አልነግርም አልኩ እንጂ እዋሻለሁ አላልኩም። ቀስ በይ ማሽኑ ይሰማል። ተሸፍኗል እኮ፣ ተሸፍኖ ማን ይሰማል። እሱስ ልክ ነሽ በይ እንግዲህ ስሚኝ ደም አይቼ ራሴን ስቼ ወደቅኩ ብለሽ ልትጽፊ ነው የስንት ዓመት ሹፌር መተላለፊያው ላይ ተዘርሮ ሰው ሲረማመድበት ዋለ ብለሽ ልትጽፊ ነው ፀጉር ቤት በየት በኩል ልግባ…»

ጆሮ ያነበበው የገባው ከአንደበቱ ከወጣ በኋላ ነው። ቀና አለ። የጋሼ ሻይ ከከንፈራቸውና ከሳህኑ መሐል አየር ላይ ቀርቷል።

«አጥፋው!» አሉ።

«ወረቀት ነው፣ ጋሼ። አይጠፋም።»

እታለም አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጆሮ ያንን መንቀጥቀጥ አወቀው። ሠላሳ አምስት ዓመት በዓይኑ ላይ ተስሎ የኖረ ነው፤ በመጋረጃው ክፍተት ያየው። ይህንን ጊዜ ግን ከፊት ለፊት ነበር የሚያያት። እያለቀሰች አልነበረም። በሳቅ ልትፈርስ ነው።

«እታለም» አለ። «‹ምስኪን፣ አለቀለት› የተባለው ማን ነው?»

«እሱ ነዋ! ተሳፋሪው መተላለፊያው ላይ ተዘርግቶ ሲያየው የሞተ መሰለው!»

«ፍሬኑስ?»

«እሱን ተወው፣ ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ሰው ራሱን ስቶ ሲመለስ ‹የት ነኝ› ይላል፤ እሱ ‹ፍሬኑን ስቤያለሁ› አለ። ቤት ገብተንም ከዚያች ቃል አልወጣም። አንተ ይሄን በየት በኩል ሰማህ?»

«እና… የተገጨው ሰውዬስ?»

«የቱ ሰውዬ?» አሉ ሁለቱም እኩል።

ጆሮ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ጥጡን፣ ትራሱን፣ ጸሎቱን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራቸው። ጠጋኝ ነውና የተሳሳተውን ሽቦ ሳይደብቅ ነው ያሳያቸው።

«በየቀኑ?» አሉ ጋሼ።

«በየቀኑ።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ለወደቀው ሰውዬ?»

«ስሙን ስለማላውቅ ‹ያ ሰውዬ› ነበር የምለው።»

ጋሼ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እና እኔ ነኛ! ለዚህ ነዋ አንድ ዶሮ እንኳ ሳልገጭ ጡረታ የወጣሁት! እኔ ጎበዝ ሹፌር ሆኜ መስሎኝ!»

አሁን እታለም አልቻለችም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ጆሮም ሳቀ። በልቡ ግን፣ ላኪው አድራሻ ቢሳሳትም ተቀባዩ ጋ የደረሰ ደብዳቤ አለ ብሎ ፈጣሪውን ቀስ አድርጎ አመሰገነ፤ ይህንን ጮክ ብሎ አልተናገረም።

ሳቁ ሲያልቅ እታለም ዓይኗን ጠረገች። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ስማ አንተ ሰውዬ። ቃሌን አላፈርስም። መውደቅህን ከአፌ ማንም አይሰማም። ነገ ግን እነዚያ ልጆች የሚጽፉት ያንተን ነው። ‹ሳበው› ብለው ይጽፋሉ። እናም የሆነ ቀን፣ የሆነ ቦታ፣ አንዲት ልጅ ትስባለች፤ ሕፃኑ ጭንቅላቱ ተይዞ እጇ ላይ ይሞትባታል።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«መሳብ… ያን ያህል ይጎዳል?»

«ይገድላል።»

«እኔ እኮ… ለማሳመር ነው የጨመርኳት።» ስኒውን አስቀመጡ። «‹ቆመው ጠበቁ› ሲባል ወሬ አይሆንም ብዬ ነው። ‹ሳብ› ሲባል ግን ጠቅላላ ፀጉር ቤቱ ዝም ይላል። መቀሱ ሳይቀር ይቆማል።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ሳትቆጣ።

ጋሼ ተነሥተው እስከ መስኮቱ ሄዱ፣ ተመለሱ። ወንበራቸውን አዩ፣ ማይክሮፎኑን አዩ። እንደ ባለ ዳንቴል ሙሽራ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ቃሉን የገባሽው አንቺ ነሽ፤ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ራሴ ከተናገርኩት አንቺ ምንም አላፈረስሽም?»

እታለም ወደ ወንድሟ፣ ወንድሟም ወደ እሷ ተያዩ።

«ምንም» አለች።

ጆሮ ተነሥቶ ዳንቴሉን አወለቀና እንደ ታቦት ልብስ በጥንቃቄ አጥፎ አስቀመጠው። ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠ፤ ማይክሮፎኑን ከእርሳሱ መስመር አውጥቶ፣ ይህን ጊዜ በገዛ እጁ፣ ፊቱን ወደ ሹፌሩ ወንበር አዞረው። ካርቶኑን ትንሽ ከፍ አደረገለት፤ ጋሼ ከእህቱ ይረዝማሉ።

«እጅዎን ይዘርጉ፣ ጋሼ።»

ዘረጉ። ጣታቸው ደረሰ።

«ልክ ነው። መብራቷ እስካሁን አረንጓዴ ናት፤ የምንለውን ሁሉ እየሰማች ነው የዋለችው።»

«ይቺ ደግሞ ዝም ብላ ሰው ታስለፈልፋለች!» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቆይ፣ አንድ ነገር። ፍሬኑ ከፊት ይግባ። መጀመሪያ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ቀጥሎ ወደቅኩ። ተሳፋሪ ጥሎ የወደቀ ሹፌር አይደለሁም።»

«ከፊት ይገባል» አለች እታለም። «እኔው ራሴ እመሰክራለሁ።»

«ሳብ ያልኩትም ውሸት መሆኑን እላለሁ። የሳብኩት ፍሬን ብቻ ነው እላለሁ።»

«እሺ።»

«ልብስ ሰፊውንም እላለሁ። ሰውዬው መቀሱን ሲሰጥ እኔ ከእግሩ ሥር ነበርኩ አሉ።»

«እሺ።»

«ፀጉር ቤት ግን…» አሉና ቆሙ። እታለም እጇን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳችም። ጆሮም ማዳመጡን ቀጠለ፤ ሲያዳምጥ ሰው ሁሉ የሚናገርለት ሰው ነው። ጋሼ ረጅም ትንፋሽ ሳቡና ወደዚያች ጥቁር ዘንግ ጎንበስ አሉ።

«እሺ፣ ቅዳሜ ፀጉር ቤትም ሄጄ እዚያው ወንበር ላይ እውነቱን እናገራለሁ» አሉ፤ ቀጥሎም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አራት ነጥብ።»